ጮክ ተብሎ የማይነበብ

እንቅልፍ ከራቀኝ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ ዓይኔን ስከድን ፊደል ነው የሚመጣብኝ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየወጣ፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ፣ ስገልጠው ደግሞ ይኸው አግዳሚው ወንበር፣ ይኸው የክፍሉ በር፣ ይኸው የኮልፌ አቧራ ከነነፋሱ። የጥር ፀሐይ አናቴ ላይ ነው፤ እኔን ግን ይበርደኛል። ውስጥ የሺእመቤት የምትባለው ተለማማጅ ተማሪዎቿን ይዛ ገብታለች፤ በሬው ሣር ይበላል፣ በሬው ሣር ይበላል ሲሉ ይሰማኛል። እሷ ስትወጣ ተራው የእኔ ነው። ሊፈትኑን የመጡት ተቆጣጣሪ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጠዋል፣ አየኋቸው፣ መነጽራቸውን በመሐረብ ይወለውላሉ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዳችን ስድስት ወር ፊደል ያስቆጠርናቸውን ሴቶች ይዘን እንገባለን፣ አንዷ ትነሣና ራሷ የመረጠችውን ታነባለች፣ ካነበበች እኛ ከተለማማጅነት ወጥተን አስተማሪ እንባላለን፣ ካላነበበች ወደ መጣንበት። እኔ የመጣሁበት ጊምቢ ነው። ጊምቢ ውስጥ የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ወርቄ፣ እናቴ ዘንድ የተውኳት፣ አስተማሪ ከተባልኩ የማመጣት። የማነሣት ተማሪ ደግሞ አንዲት ብቻ ናት፣ ሌሎቹ ገና ይንተባተባሉ፤ እትዬ ብዙነሽ ናቸው፤ ያውና ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል፣ ደረታቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ደብዳቤው እዚያ ነው ያለው። ዛሬ የሚያነቡት እሱን ነው። ደብዳቤው ልጃቸው መሞቱን ይናገራል፤ ይህን የማውቅ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

ጧት ነገርኳቸው እኮ። ለመንኳቸው። «እትዬ፣ ከመጽሐፉ ያንብቡ፣ የተለማመድነውን።»

«የበሬውን?» አሉና ሳቁ። «በሬ ሣር መብላቱን ለማወቅ ነው ስድስት ወር የተንከራተትኩት? የጌታሁኔን ደብዳቤ ነው የማነብ፤ ትልቅ ሰው ሲመጣ ትልቅ ነገር ይነበባል።»

«የእጅ ጽሑፍ ነው እትዬ፣ ያስቸግርዎታል።»

«አንቺን መቼ አስቸገረሽ? እንደ ውኃ አይደል ያንቆረቆርሽው!»

እንደ ውኃ ያንቆረቆርኩት እኔ የፈጠርኩትን ነው። ጥቅምት ውስጥ ነው፣ ልብስ እያጠብኩ፣ እትዬ ብዙነሽ ወረቀቱን እያውለበለቡ በሩን ገፉት፣ ጫማ አላደረጉም፣ ከከረን መጣልኝ፣ አንብቢልኝ አሉ። ጌታሁን ወታደር ነው፣ ሰሜን፤ መጻፍ ስለማይችል የሚጽፍለት ጓደኛው ቱሉ ነው፣ ጽሑፉን አውቀዋለሁ፣ ቀና ቀና ያለ። እኔ ደግሞ ምን ያህል ተማርኩና፤ ሚስዮን ቤት ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ማንበብ አልችልም፣ ድምፄን ካልሰማሁ ፊደሉ ይጠፋብኛል። እጄን በቀሚሴ አደራርቄ ጀመርኩ፦ ይህን የምታነብ ሰው። ከዚያ ዓይኔ ከአፌ ቀደመ፣ ያን ቀን ብቻ ቀደመ፣ እግዜር ያውቃል እንዴት። እንዲህ ነው የሚለው፦ ይህን የምታነብ ሰው፣ በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ፣ ጮክ ብለህ አታንብብ። አስቀድመህ ለዕድሩ ዳኛ ንገር፣ ሽማግሌ ይሰብሰብ፣ እናቱ ብቻቸውን እንዳይሆኑ። ጌታሁን መስከረም ሃያ ሦስት ቀን በተኩስ ወደቀ፣ እኔ ነኝ የቀበርኩት።

«ምነው ቆምሽ? ቀጥይ እንጂ!»

«ይህን የምታነብልሽ ሰው ሰላም ትሁን ይላል። ለእኔ... ለእኔ ሰላምታ ነው።»

«ጨዋ ልጅ! እሺ?»

እሺ አልኩ። ደህና ነኝ ይላል፣ ሙቀቱ ነው እንጂ የሚያስቸግረኝ ሌላ ነገር የለም ይላል፣ ለፋሲካ ፈቃድ እጠይቃለሁ ይላል። አፌ ራሱ ነው ያወጣው። ፋሲካን ከየት አመጣሁት? ቀን መቁረጥ ምን አስፈለገኝ? ወረቀቱን ነጠቁኝና ሳሙት፣ እዚያው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት፣ ሳምንት ሳይሞላ ለፋሲካ ብለው በግ ገዙ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማላውቅ ሆኜ አይደለም። የማውቀው እኔ ነኝ። ገና ሳይነጋ ነው የሚኬደው፣ ሰውየው እቤቱ ሳለ፣ ሆዱ ሌላ ነገር ሳያስብ፣ ሽማግሌ ይቀድማል፣ ሴቶች ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፣ ዕድሩ ድንኳኑን ደጅ አድርሶ ያቆማል፣ ከዚያ ነው አንዱ አፉን የሚከፍተው። ለእኔ እንዲህ አላደረጉልኝም። መገርሳ፣ የወርቄ አባት፣ እንጨት የሚጭን መኪና ረዳት ነበረ፣ ባኮ ላይ መኪናው ተገለበጠ፤ እኔ ጊምቢ ገበያ መሐል ቆሜ በጨው ዋጋ እየተከራከርኩ ነው፣ ወርቄ ሆዴ ውስጥ ናት፣ ጨው ሻጯ ቀና ብላ አየችኝና እንዴ፣ አንቺ እስካሁን አልሰማሽም እንዴ አለችኝ። በቃ። ሰው ሁሉ ይሄዳል ይመጣል፣ አህያ ያናፋል፣ እኔ መሬት ላይ ነኝ፣ ጨዉ ተበትኖ። ያን ቀን ለራሴ የማልኩት ነው፣ እንዲህ ያለውን ነገር በማንም ላይ አላደርግም ብዬ። ታዲያ እትዬ ብዙነሽን፣ ልብስ ማጠቢያ አጠገብ፣ ሳሙና በእጄ ላይ እንዳለ፣ ልጅዎ ሞቷል ልበላቸው?

ለዳኛው ለመንገር ሄጃለሁ። ይህን እግዚአብሔር ይቁጠርልኝ፣ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የዕድሩ ዳኛ አባባ ጥሩነህ ናቸው፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረድ ብሎ ያለው ግቢ። እኔ የዕድሩ አባል አይደለሁም፣ አይወስዱኝም፤ የጸሎት ቤታችንን ፖሊስ ከዘጋው ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀኛል፣ የወለጋዋ ጴንጤ እባላለሁ። በሩ ላይ ቆሜ አባባ፣ ብቻችንን የምነግርዎ ነገር ነበረኝ አልኳቸው።

«ስለ ጌታሽ ነው?» አሉኝ።

ጌታ የሚሉት የእኔን እምነት መሆኑ እስኪገባኝ ድረስ «ሂጂ ልጄ፣ እኔ በስተርጅና ማተቤን የምበጥስ ሰው አይደለሁም» ብለው በሩን ገርበብ አደረጉት። አይደለም አባባ፣ ስብከት አይደለም እላለሁ፣ ለሳንቃው ነው የምነግረው። ሁለተኛው ቀን ግቢው በወንዶች ተሞልቷል፣ የዕድር ስብሰባ ነው፣ አንዱ መጣችላችሁ ሲል ሁሉም ሳቁ። ምን ፈልገሽ ነው ሲሉኝ ክብሪት አልኩ። ክብሪት ሰጡኝ። ክብሪቱን ይዤ ተመለስኩ፣ መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ወረቀቱ በእጄ ቢኖር አሳያቸው ነበር፣ ግን እትዬ ብዙነሽ ከደረታቸው አያወጡትም፤ ያለ ወረቀት የእኔን ቃል ማን ይሰማል?

ሦስተኛ ጊዜ ለምን አልሄድሽም? ይኸው፣ ይህች ናት ሌሊት ሌሊት የምትቆፍረኝ። ሽማግሌዎቹ ከገቡ እትዬ ብዙነሽ ከል ይለብሳሉ፣ ከል ከለበሱ ክፍል አይመጡም፣ እሳቸው ካልመጡ የማነሣው ሰው የለኝም፣ የማነሣው ከሌለኝ ወርቄ አትመጣም። እንዲህ ብዬ ቁጭ ብዬ አላሰብኩትም። ግን አስቤዋለሁ። በጸሎቴም አላነሣሁትም።

ደግሞ እኮ በገዛ እጄ ነው የማስተምራቸው። እያንዳንዱ የማስቆጥራቸው ፊደል ወደዚያ ወረቀት አንድ እርምጃ ያስጠጋቸዋል። ኅዳር ላይ የጨን ቤት ዘለልኩት፣ ሆን ብዬ፣ ጮክ የሚለውን ቃል እንዳይለዩ፣ ከጠ ቤት አሻግሬ ወደ ሌላው ሄድኩ። እትዬ ብዙነሽ እጃቸውን አወጡ፣ «አንቺ የኔ መምህርት፣ ይቺን መስመር ዘለልሻት» አሉ፤ «ነገ እንደርስባታለን» ስላቸው «እስከ ነገ ጨው በምን ልጻፍ፣ በስኳር?» አሉና ክፍሉን አሳቁት። በማግስቱ የሺእመቤት ክፍል ገብተው ተምረው መጡ። ትጉህ ናቸው። እንዲህ ያለ ተማሪ ለአስተማሪ ሁሉ ይስጠው ነው የሚባል፤ እኔ ግን ይህ ትጋት ምነው ባልኖራቸው እል ነበር። መምህር ፀሐዬ፣ እኛን ተለማማጆቹን የሚያሠለጥነው፣ ሰሞኑን ከሌሎቹ መምህራን ጋር ሜዳው ላይ እየቆመ ይጨቃጨቃል፣ አዲስ ዕቅድ ወጥቷል፣ የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ደርሶ ወደ ማረሻው ይመለስ ይላል ይባላል፣ ፊቱ ይቀላል፤ ወደ እኛ ዞር ይልና እናንተ ስለዚህ ነው የምታስፈልጉት ይለናል፣ ያነበበ ሰው አይታለልም። ይህን ሲል እኔ መሬት መሬት ነው የማየው።

የጦርነቱ ፊልም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወይስ በፊት? በፊት አይደለም፣ ታኅሣሥ ነው፣ ብርዱ ትዝ ይለኛል። ፊልም የሚያሳየው መኪና ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ቆመ፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ተዘረጋ፣ መምህር ፀሐዬ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ከዚያ እያንዳንዳችሁ ስላያችሁት ገለጻ ታደርጋላችሁ አለ። ፈረንጅ ከፈረንጅ ይዋጋል። ወንዶቹ መድፍ በተተኮሰ ቁጥር ያፏጫሉ። አንዱ ለጋ ልጅ ጭቃ ውስጥ ወደቀ፣ ከዚያ በሌላ አገር አንድ ሰው በብስክሌት መጣ፣ ለአንዲት ሴት ወረቀት ሰጣት፣ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሄደ። ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማ አነበበች። ተቀመጠች። እዚያው ደረጃው ላይ፣ ብቻዋን። እኔ የት እንዳለሁ ጠፋኝ፣ ጨው ሸተተኝ።

እትዬ ብዙነሽ ክንዴን ጎሸሙኝ። «ጎረቤት የላትም እንዴ? ወረቀት ሰጥቷት ሄደ? ምን ዓይነት አገር ነው?»

በማግስቱ ከተማሪዎቼ አምስቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ለዚያ ለወደቀው ልጅ ለቅሶ ሊቀመጡለት። መምህር ፀሐዬ በመስኮት አያቸውና ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እናንተ ሴቶች፣ የፊልም ሰው እኮ ነው! ተነሥቶ አቧራውን አራግፎ ደመወዙን ተቀብሎ ቤቱ ገብቷል!»

«እሱ ይግባ» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «እኔ የማዝነው ለእናቲቱ ነው። ማንበብ ባትችል ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሏት ታድር ነበር።»

ይህን አሉ። በጆሮዬ ሰማሁ። ያቺን ቃል ታቅፌ ሁለት ሌሊት ደህና ተኛሁ። ፈቀዱልኝ አልኩ፣ ሳያውቁት ፈቀዱልኝ። ሦስተኛው ቀን ነቃሁ፣ አንድ ቀን ነው ያሉት፣ አንድ ቀን።

ገለጻው ላይ ተለማማጁ ሁሉ ስለ ጀግንነት አወራ፣ ስለ አገር ፍቅር፣ አንዱማ ፎክሮ ተጨበጨበለት። እኔ ወጣሁ፣ ጠመኔ አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ። «ወረቀቱ ሲመጣ ሴትየዋ ብቻዋን ነበረች» አልኩ። ሌላ ምንም አልመጣልኝም። ሳቁ። መምህር ፀሐዬ ግን አልሳቀም፤ «ቀጥይ ዱሬቲ፣ ታዲያ ምን መደረግ ነበረበት?» አለኝ። ጥያቄው ይኸው እስካሁን እዚያ ሰሌዳ ላይ ተሰቅሏል፣ እኔ ግን ቁጭ ብያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ለእናቴ ልናገረው ብዬ በአውቶቡስ ለገሃር ወርጄ ስልክ ቤት ገባሁ። ወረቀት ትሞያለሽ፣ ስምሽ ይጠራል፣ ሣጥን ቁጥር አራት ግቢ ይሉሻል፣ በሩን ከውስጥ ስትዘጊው አየሩ ያልቃል። ጊምቢ ፖስታ ቤት እናቴን አስጠርተውልኛል። በኦሮምኛችን ነው የምናወራው፣ ሣጥኑ ውስጥ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል። ወርቄን አቀበለችኝ። ትንፋሿን ሰማሁ። ወርቄ፣ እናትሽ ነኝ አልኳት። ከዚያ ለእናቴ፣ ለእኔ አይደለም ለእናቴ፣ «አዮ፣ ይቺ ሴትዮ ማናት?» ስትላት ሰማሁ። አዮ የምትላት እናቴን ነው። እናቴ ስልኩን ተቀበለችና «ልጅ ናት፣ ስታይሽ ታውቅሻለች፤ መቼ ነው የምትወስጃት?» አለችኝ። እኔ «እማዬ፣ ሰው መርዶ ደብቆ ቢቆይ፣ ብዙ ቢቆይ፣ ምን ይደረጋል?» አልኩ።

«የማን መርዶ?» ድምፅዋ ተለወጠ። «ማን ሞተብኝ?»

ማንም፣ ማንም አልኩ፣ የሰው ነው፣ ስል ሦስት ደቂቃ አልቋል የምትለዋ ስልከኛ ገባች፣ መስመሩ ሞተ። ይኸው፣ እናቴን ደግሞ እንዲህ አድርጌ ትቻታለሁ፣ ማን ሞተብኝ እያለች ወደ ቤቷ ስትሄድ ይታየኛል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው እንቅልፍ ብሎ ነገር ጭራሹን የጠፋ።

የሺእመቤት ወጣች። ትስቃለች፣ አለፈች ማለት ነው። መምህር ፀሐዬ ዱሬቲ ብሎ ይጠራኛል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ይገባሉ፣ እትዬ ብዙነሽ መጨረሻ ይገባሉ፣ ሲያልፉ ጉንጬን ነካ አደረጉኝ፣ አይዞሽ ልጄ፣ አላሳፍርሽም አሉኝ። እኔን ነው አይዞሽ የሚሉት። ተቆጣጣሪው የማን ተማሪ ትነሣለች አሉ። ሌላ ሰው ልጥራ? የኔነሽ ልበል? የኔነሽ ስሟን እንኳ በቅጡ አታነብም። አፌ ሳይከፈት እትዬ ብዙነሽ ተነሥተዋል። ሰሌዳው ፊት ቆሙ፣ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰደዱ፣ ወረቀቱን አወጡ፣ አራት ቦታ ታጥፎ ላብ የጠጣውን፣ ዘረጉት።

«የልጄ ደብዳቤ ነው» አሉ ለተቆጣጣሪው። «ጌታዬ፣ ቀስ ብል አይቆጡ።»

«አይዞዎት እናቴ፣ ጮክ አድርገው ብቻ።»

ጣታቸውን መጀመሪያው መስመር ላይ አደረጉ። ይ፣ ህ፣ ን። ይህን። የ፣ ም፣ ታ። የምታነብ ሰው። ፈገግ ብለው ወደ እኔ አዩ፣ እዚህ ድረስ ያውቁታል። በ፣ እ፣ ግ። በእግዚአብሔር። ይዤሃለሁ። ግንባራቸው ተቋጠረ፣ ይህ አልነበረም፣ እኔ እንዲህ አላነበብኩላቸውም። ጮ፣ ክ። ጮክ። ጣታቸው ቆመ። ብ፣ ለ፣ ህ። አ፣ ታ፣ ን...

ተነሥቼ ነው የተገኘሁት። ማሰቤን አላውቅም። በሴቶቹ ጉልበት መሐል አልፌ ሄጄ መዳፌን ወረቀቱ ላይ አደረግሁት፣ ጣታቸው ከመዳፌ ሥር ቀረ፣ ቀዝቃዛ ነው። «እትዬ፣ ቤት እንሂድ» አልኩ።

ቤት እንሂድ ሲባል መርዶ እንደሆነ የማታውቅ ሴት እዚያ ውስጥ አልነበረችም። የኔነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ተቆጣጣሪው ምንድን ነው ነገሩ፣ ተማሪዋ እኮ እያነበበች ነው፣ ለምን ታቋርጫታለሽ አሉ። መምህር ፀሐዬ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ዱሬቲ፣ አሁን ከወጣሽ አለቀ፣ ስምሽን ይሠርዙታል» አለኝ። አወቅሁ። ወርቄ መስኮቱ ላይ ያለች ያህል አየኋት። «ይሠርዙት» አልኩና እትዬን በክንዳቸው ይዤ ወጣሁ።

ሜዳውን አቋርጠን እንሄዳለን፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ የኔነሽ ወደ አባባ ጥሩነህ ግቢ ሮጣለች። ፌርማታው ላይ የቆሙ ሰዎች አዩንና ቆባቸውን አወለቁ። እትዬ ብዙነሽ ወደፊት እያዩ ነው የሚሄዱ፣ ወረቀቱ በእጃቸው እንዳለ ነው።

«መቼ ነው?» አሉ።

«መስከረም።»

«አንቺ መቼ አወቅሽ?»

«ያን ዕለት።»

ጥቂት ሄዱ። «በገና ጨፍሬያለሁ» አሉ። «አዎ እትዬ።» «ጥምቀት ነጭ ለብሼ ወጥቻለሁ፣ አይተሽኛል፣ አምሮብሻል ብለሽኛል።» «ብያለሁ።» «ሦስት ወር ሙሉ አስቀሽኛል፣ አንቺ ልጅ። ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ስስቅ አይተሽ ዝም አልሽ።» ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ቢመቱኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልመቱኝም። አንገቴን ደፍቼ አጠገባቸው እሄዳለሁ፣ ሂጂ አላሉኝም፣ ነይም አላሉኝም።

ደጃፋቸው ላይ አባባ ጥሩነህ ቀድመው ደርሰዋል፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችም፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ። አዩኝ። «ያን ቀን የመጣሽው ለዚህ ነበር?» አሉኝ። «ለዚህ ነበር አባባ።» ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ወደ እትዬ ብዙነሽ ዞሩና እንደ ሥርዓቱ ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን፣ ሲሉ እትዬ ብዙነሽ እጃቸውን አነሡ።

«ይቆዩ ጥሩነህ። የተጻፈው ለእኔ ነው።»

ወረቀቱን እንደገና ዘረጉት። ወደ እኔ ሳይዞሩ «ነይ» አሉኝ፣ «ወገቤን ያዢኝ፣ የቀረውን እኔ አነበዋለሁ።» ሄድኩ። ከኋላቸው ቆሜ በሁለት ክንዴ አቀፍኳቸው፣ አጥንታቸው ተሰማኝ፣ ፀጉራቸው አገጬን ነካኝ። ሴቶቹ ገና አላለቀሱም፣ ይጠብቃሉ። ጣታቸው ከቆመበት ተነሣ፣ ፊደል በፊደል፣ እናቱ ብቻቸውን፣ እንዳይሆኑ፣ ጌታሁን፣ መስከረም፤ በየፊደሉ እየከበዱኝ ሄዱ፣ ክንዴን አጠበቅሁ፣ እስከ መጨረሻው አነበቡት። አንድም ፊደል አልሳቱም።